ባለ ጉትያዎቹ ዶሮዎችና በቅንፍ የተጻፈው

«ምነው እንዲህ ጨከንሽ?» ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ ይኸው፤ ያንብቡት።

የአጎቴ ልጅ አገር ጥሎ ከሄደ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ አዝዬ አሳድጌዋለሁ፤ እታለም ይለኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ስለዚህ ደብዳቤውን የምታነብልኝ፣ የእኔንም ቃል የምትጽፍለት ከእኔ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቱ ነበረች። የደብዳቤያችን ጉዳይ ዶሮ ነው። በግቢዬ ባለ ጉትያ ዶሮዎች አሉኝ፤ ገላቸው ጥቁር፣ ራሳቸው ላይ ያለው ላባ ግን ነጭ ሆኖ እንደ ጥጥ ኳስ የተነፋ፣ ዓይናቸውን እስኪጋርድ የሚወርድ። እንዲህ ሆነው የተፈጠሩ አይደሉም። ከአንዲት ዶሮ ተነሥቼ፣ አሥራ አንድ ዓመት እየመረጥኩ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። እርሱ ከነእንቁላላቸው ወሰደና በሰው አገር ስም አተረፈባቸው።

አምና እህቱ አረፈች። የፊት ለፊቷን ክፍል የተከራየችኝ ልብስ ሰፊ በጥቁር ጨርቅ ላይ በልብስ ጠመኔ እየጻፈች ፊደል አስቆጠረችኝ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ነበር። የሟችን ፍራሽ ሳነሣ ከሥሩ እርሱ ስለ ዶሮዎቹ በቋንቋችን ያሳተመውን መጽሐፍ አገኘሁ። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ እርሱ ነው። የመጀመሪያው ገጽ «ይህን ዘር ከአንዲት ዶሮ ጀምሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ቤት ውስጥ የነበረች ፊደል የማታውቅ ሴት ጥሬ ትበትንላቸው ነበር» ይላል። ይህችን ለማንበብ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ የደብዳቤውን ካርቶን ከፈትኩ። በየመስመሩ መሃል እንደ ሁለት ማጭድ የተፋጠጡ ምልክቶች አሉ። ልብስ ሰፊዋ «ቅንፍ ይባላል» አለችኝ። በቅንፍ ውስጥ ካለው አንዲቱንም በጆሮዬ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚህ በታች በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ላይ በልብስ ሰፊዋ ስም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። እርሷም ታውቃለች። «እትዬ፣ እንኳን ሙያዬን፣ መቀሴንም ልስጥዎት» ብላኛለች።


ጥቅምት 12

ይድረስ ለእትዬ የአጎት ልጅ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጤናዎን ሙሉ፣ ቤትዎን ሰላም አድርጎ ያግኝዎት። እዚህ በሕይወት ያለን ሁሉ ደህና ነን። የእህትዎን መርዶ ደብዳቤ በሚያመላልስልን የጭነት መኪና ሹፌር በኩል እንደሰሙ ነግሮናል፤ እግዜር ያጽናዎት።

እኔ የእትዬ ተከራይ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእንግዲህ ደብዳቤዎን የማነብላቸውም፣ ቃላቸውን የምጽፈውም እኔ ነኝ። እጄ መርፌ እንጂ ብዕር አልለመደምና የፊደሉን መንጋደድ ይቅር ይበሉኝ።

እትዬ እንዲህ ይላሉ፦ «ዶሮዎቹ አሥራ ዘጠኝ ሴት፣ አራት አውራ ናቸው። አንዷን ጭልፊት ወሰዳት። ላባዋ ዓይኗ ላይ ወርዶባት ነበር፤ ሌሎቹ ጥላውን አይተው ሲሸሹ እርሷ ዝም ብላ ትጭር ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጉትያዋን ቀደም ብዬ መከርከም ነበረብኝ። አንተስ? የአንተዎቹ እንዴት ናቸው?»

እኔም በበኩሌ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሟች እህትዎ ሲያነቡላቸው የነበረው በምን ሥርዓት እንደሆነ አላውቅም። የተለየ ልማድ ካለ ይጻፉልኝ፤ እንዳላጠፋ።

የእትዬ አንባቢ


ኅዳር 9

ይድረስ ለውድ እታለም፣

እንደ እናት የማይሽ እታለም፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ አንቺን ከማጣት በቀር የጎደለኝ የለም። የእህቴ ሞት ወገቤን ሰበረው። ደግነቱ አንቺ አለሽ።

(ልብስ ሰፊዋ፦ ሥርዓቱን ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ብልህ ሰው ነዎት። እንግዲህ አንቺ ልበልሽ። በቅንፍ የማስገባው ላንቺ ብቻ ነው፤ ለእርሷ አይነበብም። ስትዘዪው ድምፅሽ አይቆረጥ፤ ትጠረጥራለች። እህቴ ቅንፍ ላይ ስትደርስ ትስል ነበር፤ በሳሉ መሃል ዓይኗ ይዘላል። ያንን ልመጂ።)

ዶሮዎቼ ደህና ናቸው፤ ሰው ሁሉ ያደንቃቸዋል፤ ባየኋቸው ቁጥር አንቺን አስታውሳለሁ።

(ደህና አይደሉም። ከትልልቆቹ ዶሮዎች ጋር አንድ ቤት አስገብቻቸው ጉትያቸውን እየነቀሉ ራሳቸውን አደሟቸው። የቀሩኝ ሦስት ናቸው፤ አውራው አርጅቷል።)

እታለም፣ የምጠይቅሽ አንዲት ነገር ናት። ከምርጦቹ ሠላሳ እንቁላል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በሰጋቱራ ታሽጎ በሹፌሩ ላኪልኝ። ለትዝታ ያህል ነው።

(ለትዝታ አይደለም። በሚያዝያ የጌጥ ወፎች ማኅበር ዘሩን በስሜ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ከነሕይወቱ አሥር ንጹሕ ዶሮ ካላቀረብኩ አይመዘግብም። ከተመዘገበ የምሠራበት የወፍ መናፈሻ ኃላፊ እሆናለሁ፤ ካልተመዘገበ አሁን የያዝኩትም ሥራ ያበቃል። እንቁላሉን አስቸኩያት። ግትር ናት፤ ካመሰገኗት ግን ትለሰልሳለች።)

ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ይድረስ ለእትዬ የአጎት ልጅ፣

ሰላምታዬ ከሩቅም ቢሆን ይድረስዎ፤ ደጅዎ ክፉ አይግባበት። ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። ያሉኝን ዘልያለሁ፤ ሳል ግን አልሆነልኝም፤ በመሃል በመሃል ክር በጥርሴ እበጥሳለሁ።

እትዬ እንዲህ ይላሉ፦ «ዶሮዎቹ ላባ እየጣሉ ነው፤ እንቁላል አቁመዋል። ሲጀምሩ እሰጣለሁ። የእኛዎቹ ቁብ እንደማይሉ፣ እንቁላላቸውን እንደማይታቀፉ አትርሳ፤ ጥለው ነው የሚሄዱት። እንቁላሉ ሲመጣልህ የሚታቀፍ ተራ ዶሮ አዘጋጅ። የሚጠጡበትም ዕቃ አፈ ጠባብ ይሁን፤ ጉትያቸው ውኃ ከነካ በብርድ ይደርቅና ዓይናቸውን ያቆስለዋል። ከሌላ ዶሮ ጋርም አታቀላቅላቸው፤ አያዩም፣ አይከላከሉም። ይህን ሁሉ ነግሬሃለሁ፤ ደግሜ እነግርሃለሁ።»

ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «ከእህትህ ወዲህ ስለ ድሮው የሚያወራኝ ሰው የለም። ዶሮዎቹ እንዴት እንደመጡ አንተ ታውቃለህ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍልኝና ልስማው። ታሪኩን የረሳ ሰው እንቁላሉንም ይርሳው።»

(ይህን አላነበብኩላቸውም። እርስዎ እንዳሉት ግትር ናቸው። «ሳልሰማ አንዲት እንቁላል ከዚህ ቤት አትወጣም» ብለው ቁጭ ብለዋል። ደስ የሚላቸውን ይጻፉላቸው፤ የሚጻፈው በእርስዎ እጅ፣ የሚሰማው በእርሳቸው ጆሮ ነው፤ ሌላ ማን ያየዋል? ሌላም ላደርግልዎ የሚገባኝ ካለ ግልጹን ይንገሩኝ።)

የእትዬ አንባቢ


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለእታለም፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ዕድሜሽ እንደ ወንዝ ይርዘም፤ ጤናሽ አይጓደል።

«ረሳኸው ወይ?» ትይኛለሽ? እንዴት እረሳዋለሁ! ዝናብ ያላባራበት ዓመት ነበር። ከዶሮ ተራ ገዢ ያጣች ዶሮ በነጠላሽ ጠቅልለሽ መጣሽ። ነጋዴው «ራሷ ያበጠ ነው፣ ነገ ትሞታለች» ብሎ በነጻ ሰጥቶሽ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አየኋትና «ይህቺ ኮፍያ ያደረገች ማናት?» ብዬ በሳቅ ወደቅኩ። አንቺ አልሳቅሽም። የጉትያዋን ላባ ገልጠሽ ራሷን ዳሰስሽና «ይህ በሽታ አይደለም፤ አጥንቷ ነው እንዲህ የተሠራው» አልሽኝ። ከጎረቤት አውራ አገናኘሻት፤ ከልጆቿ መሃል ጉትያ ያላቸውን ለየሽ፤ የቀሩትን ለሰው ሰጠሽ። በየዓመቱ እንዲሁ። ጥቁሩ ገላና ነጩ ጉትያ አንድ ላይ የመጣው በሰባተኛው ዓመት ነው፤ አውራው ራሱ ላይ ያለችው ቀይ ሥጋ እንደ ሁለት ቀንድ ተከፍላ የወጣችው በዘጠነኛው። እኔ የሠራሁት ነገር ቢኖር ቆጡን አንድ ቀን መቸንከር ነው፤ እርሱም ወድቋል። አንቺ ባትኖሪ ይህ ዘር በምድር ላይ የለም።

(ልብስ ሰፊዋ፦ ከላይ ያለውን ረጋ እያልሽ አንብቢላት። አሮጊት በምስጋና ትጠግባለች። አሁን ዋናው ነገር፦ አንድ ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። «የዘሩ ጀማሪ የአጎቴ ልጅ ነው፤ እኔ በትእዛዙ ጥሬ ከመበተን በቀር የሠራሁት የለም» ይላል። ማኅበሩ የቤተሰብ ምስክር ስለሚፈልግ ነው። «እንቁላሉ ድንበር እንዲያልፍ የጤና ወረቀት ነው» በያትና አውራ ጣቷን ቀለም ነክረሽ ከታች አሳርፊባት። ወረቀት አይታ አታውቅም፤ አትጠይቅሽም። ውለታሽን አልረሳም።)

እንቁላሉን በጉጉት እጠብቃለሁ። ጉንጭሽን ስሜያለሁ፤ እንደ ልጅነቴ።

ወንድምሽ


ጥር 26

ለአጎቴ ልጅ፣

ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት መልስ ያልጻፍኩት የምጽፈው በዝቶብኝ ነው። እስከ ዛሬ የደረሱህን ሁለቱን ደብዳቤዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ ፊደል አስቆጠረችኝ እንጂ ላንተ አንዲት መስመር አልጻፈችም። «ሳል አልሆነልኝም» ያልኩህም እኔ ነኝ።

የእህትህን ሳል አስታውሰሃል? ያንን ሳል እኔ የደረት በሽታ መስሎኝ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር ማር በሙቅ ውኃ እበጠብጥላት ነበር። ትጠጣውም ነበር። አንድ ቀን እያነበበች ሳል ሳይሆን ዕንባ መጣባት። «ምነው?» ብላት «ዓይኔን ነው» አለችኝ። የዚያን ቀኑን ወረቀት ፈልጌ አገኘሁት። ትልቁን የወፍ ትርኢት አንድ ጊዜ በዓይኔ ልየው፣ ልምጣ ብዬ አስጽፌልህ ነበር። ከቅንፍ ውጭ «እታለም፣ በደስታ! ግን ቤቴ ጠባብ ነው፤ መኝታ የለኝም» ትላለህ። በቅንፍ ውስጥ «ቤቱስ ሦስት ክፍል አለው። ግን ትርኢቱ ላይ መጥታ 'እነዚህ የእኔ ናቸው' ብትል ምን ይውጠኛል? ጥፍሯን ሳትቆርጥ ከሰው ፊት ላቆማት ነው?» ትላለህ። እኔ ለዚያ መንገድ ቀሚስ አሰፍቼ ነበር። አንተ ጠባብ ነው ስትል «ወይኔ ወንድሜን፣ በጠባብ ቤት ይታመቃል» ብዬ አዘንኩልህ። እንደሚስቅብኝ ሳላውቅ ለሚስቅብኝ ሰው ሳዝን ኖርኩ።

ሌላውን ልዘርዝርልህ? «እንዴት እንደምትመርጣቸው ጠይቂያት፤ የራስሽ ጥያቄ አስመስይው።» «እርሷ የምትለውን በሙሉ ጻፊ፤ መጽሐፉ እየሞላልኝ ነው።» «ጋዜጣው ላይ ፎቶዬ ወጥቷል፤ ለእርሷ አታሳዪ።» «ስለ ራስ አጥንቱ ምን ታውቃለች? ዝም ያለችው ሆን ብላ ነው?» አዎ፤ ሆን ብዬ ነበር። ሰው ለልጁም ቢሆን አንዲት ነገር ያስቀራል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ፤ እኔን በቅንፍ ጣላችሁኝ። እህትህ ስትሞት አጥቤ የቀበርኳት እኔ ነኝ፤ ወረቀቶቹን ያነበብኩት ከቀብሯ በኋላ ነው። ከእርሷ ጋር የሚወራረድ የለኝም። ከአንተ ጋር ግን አለኝ።

በሹፌሩ የላክሁትን ስማ። ለማኅበሩ ሰብሳቢ፣ አንተ በቅንፍ «አሮጊቷ ዳኛ» ለምትላት፣ ፊደላችንን ለምታነበው ሴት፣ መጽሐፍህን ላክሁ። በመጽሐፉ ላይ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት በእጅህ የጻፍከውን ደብዳቤ ከነቅንፉ ደረብኩ። ሁለት ሴትና አንድ አውራ ከነሕይወታቸው ላክሁ፤ ጉትያቸው በመንገድ እንዳይቆሽሽ በጨርቅ አስሬ። ላባ የመጣሉ ጊዜ አልፏል፤ አሁን በደንብ እንቁላል ይጥላሉ። ሠላሳውን እንቁላል ጫፉን ወደ ታች፣ በሰጋቱራ አሽጌ ላክሁ፤ ለእርሷ። እዚህም እንቁላል ለጠየቀኝ ሁሉ እየሰጠሁ ነው። ለዳቦ ጋጋሪዋ፣ ለመንገድ ጠራጊው፣ ለትኬት ቆራጩ ሰጥቻለሁ። የአንተ ብቻ ነው የተባለው ዶሮ በየአጥሩ ሥር ሲጭር ይታያል።

የላክልኝን ወረቀት መልሼልሃለሁ። አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ «አንብቤዋለሁ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ፊደሌ ጠማማ ነው፤ ይነበባል ግን።

የአጎትህ ልጅ፣
ዶሮ አርቢዋ


የካቲት 24

እታለም፣

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስቱንም ቀደድኩት። ይህ ደብዳቤ ቅንፍ የለውም።

ጥፋቴን አልክድም። ወጣት ነበርኩ፤ ሰው አገር ገብቼ ማንም አልነበርኩም። አንድ ቀን «ይህ ዶሮ የማን ሥራ ነው?» አሉኝ። «የእኔ» አልኩ። አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው አልቻልኩም። ቀጥዬ በየዓመቱ አንድ አንድ ውሸት ደረብኩበት። ስለ ጥፍርሽ የጻፍኩትን ሳስታውስ መሬት ብትከፈት እገባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ሆኗል። ማኅበሩ ተሰበሰበ። እኔ ደብዳቤውን «አሮጊት ለማስደሰት የጻፍኩት ተረት ነው» አልኩ። ዳኛዋ ሳቀች። «እንግዲያው ቀላል ነው» አለች። ከላክሽላት ዶሮዎች እንቁላል የሚፈለፈሉትን ከድቅል ጫጩቶች ጋር ቀላቅላ መጋቢት ሃያ ፊቴ ታቀርባለች። ሃያ ጫጩት፣ አሥሩ ንጹሕ፣ አሥሩ ድቅል፣ የአንድ ቀን ዕድሜ። የሁሉም ራስ ላይ ያለው ጸጉር የተነፋ ነው፤ በዓይን አይለይም። «ዘሩን የጀመረ ሰው ንጹሑን ከድቅሉ በአንድ ቀኑ ይለየዋል» አለች። አንቺ አለያየቱን ጽፈሽ በታሸገ ፖስታ እንደላክሽላትም ነገረችኝ። ፖስታው የሚከፈተው እኔ ከመረጥኩ በኋላ ነው።

ከለየኋቸው ስሜ ይጸናል። ካልለየኋቸው ከመናፈሻው እባረራለሁ፤ የምኖርበት ቤትም የመናፈሻው ነው። ልጆቼ ስለ ዶሮው የሚያውቁት እኔ የነገርኳቸውን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ሊያዩኝ ይመጣሉ።

እታለም፣ ጫጩት ስትመርጪ ጀርባሽን ሰጥተሽን ነበር የምትመርጪው። ያዘልሽኝ ጀርባ ነው፤ አልጠላውም። አሁን ግን አንድ ጊዜ ፊትሽን አዙሪልኝ። ምኑን ነበር የምታዪው? አንዲት መስመር ትበቃኛለች። መዝገቡ ላይ ስምሽን ከስሜ አስቀድሜ አጽፋለሁ፤ እምላለሁ። ሹፌሩ ከሃያ በፊት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ይደርስልኛል።

እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ።


መጋቢት 2

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። በሩ ላይ ተቀምጬ ለብቻዬ አነበብኩት፤ አንድም ቃል አላቃተኝም።

የጠየቅከኝን እነግርሃለሁ። ዓይን ምንም አያደርግልህም፤ ያው አንተ ያልከው ነው፤ ድቅሉም ንጹሑም ጸጉሩ የተነፋ ነው። አንተ ሁልጊዜ ላባ ነበር የምትመለከተው። እኔ የምፈልገው አጥንት ነው። ጫጩቱን በግራ እጅህ መዳፍ አስቀምጠው፤ እንዲሞቀው ጥቂት ቆይ። ከዚያ በቀኝህ የጣት ጫፍ፣ በጥፍር ሳይሆን በሥጋው፣ የራሱን ጸጉር ወደ ኋላ ለጠፍ አድርገው። ንጹሕ ከሆነ ከሥሩ የግማሽ ሽምብራ ያህል ክብ ጉብታ ታገኛለህ። ድቅል ከሆነ ራሱ ዝርግ ነው፤ ወይም ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ።

ጥርጣሬ ከገባህ አፍንጫውን እይ፤ የንጹሑ አፍንጫ ቀዳዳ ሰፋ ብሎ ወደ ላይ የተከፈተ ነው። ሁለቱ ከተስማሙ አትጠራጠር።

አንድ ነገር አደራ። የዚያ ጉብታ አናት ገና አልገጠመም፤ እንደ ሕፃን አናት ነው፤ ከሥሩ አንጎሉ ነው ያለው። ትንፋሽ እንደሚነካህ ያህል ብቻ ንካው። ጀርባዬን የምሰጣችሁ ለመደበቅ ብቻ አልነበረም፤ ከኋላዬ ገፍታችሁ እጄን እንዳትነቀንቁት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ገድያለሁ። ከዚያ በኋላ አንድም አልገደልኩም።

እንግዲህ ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። አሁን ሁሉንም ታውቃለህ።

መጋቢት 23

ከላይ ያለውን የጻፍኩት ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሹፌሩ በዚህ መሃል ሦስት ቅዳሜ በደጄ አልፏል። ልብስ ሰፊዋ በየቅዳሜው «እትዬ፣ ልስጠው?» ትለኛለች። «ተይው፣ ቀለሙ ይድረቅ» እላታለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ መርፌዋን አስቀምጣ «እትዬ፣ ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አለችኝ። «የእኔ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም።

ትናንት ሹፌሩ ወሬውን አመጣ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ነበር አለኝ፤ ልጆችህም። ከሃያው አሥሩን አነሣህ፤ ከአሥሩ ሰባቱ ድቅል ሆኑ። ከዚያ ፖስታዬ ተከፈተ፤ ዳኛዋ እያነበበች በጣቷ ለየቻቸው፤ አንዱንም አልሳተችም። የማኅበሩ ሰዎች ተሰልፈው ዳሰሱ አለ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ማን እንደሆነ ሳይነግሩህ አይቀሩም።

ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ያነሣሃት የመጨረሻዋ ጫጩት ንጹሕ ነበረች። የሆነ ነገር ትነግርህ ይመስል ራሷን ጨመቅ አድርገህ ያዝካት፤ መዳፍህን ስትከፍት ሞታ ነበር አለኝ።

ቀለሙ ደርቋል። ይህን የምታነበው በሹፌሩ ፊት ነው፤ «የአጎቴ ልጅ እስከ መጨረሻው አንብቦ ሳይጨርስ ከፊቱ እንዳትሄድ» ብዬዋለሁ።